ምግብ አብሳይዋ የት ገባች?

ያንን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው እግዜር ይስጠው። እንደዚያ ያለ የማይረባ ነገር አቀናብሮ ባያሳትም ኖሮ ሹፌሩ ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ቢሆንማ ዝም ብሎ አንብቦ፣ ጨርሶ፣ የወሰነውን ያደርግ ነበር። ያዳነው የመጽሐፉ ብልሽት ነው። ይህንንም ሹፌሩ ራሱ ሰው ሁሉ ፊት አፉን ሞልቶ ይናገራል።

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ኩላሊቶቹ ከዱት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ልጁ በመኪናዋ ወስዳ ሆስፒታሉ በር ላይ ታወርደዋለች። እሱም እጥበት ክፍል ይገባል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ወንበሩ ላይ ይዘረጋል። ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች ክንዱ ላይ ይተከላሉ። ደሙ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ፣ በማሽኑ ታጥቦ፣ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። እስኪያልቅ ድረስ ክንዱን ማነቃነቅ የለም፣ መነሳት የለም፣ ጣሪያውን ማየት ብቻ ነው። ቤት ሲመለስ ደግሞ ውሃ በስኒ እየተለካ ነው የሚጠጣው፤ የጠጣው ሁሉ መውጫ የለውምና።

እዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ያልተጻፈ አንድ ሕግ ነበር። ስለቀረ ሰው አይጠየቅም። ባለፈው ጊዜ ወንበሩ ላይ የነበረ ሰው ዛሬ ከሌለ፣ ወይ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሯል፣ ወይ ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ አግኝቷል፣ ወይ ደግሞ ያው ነው። ያው የሆነውን መስማት የሚፈልግ ስለሌለ የሚጠይቅም የለም። ነርሷ አንሶላውን ትቀይራለች፣ አዲስ ሰው ይተኛበታል፣ ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሲለያዩ እንዳይከብድ ሰላምታው ራሱ በቁጠባ ነበር። ሰው ከሰው ጋር ጎን ለጎን ግማሽ ቀን ተኝቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተነስቶ ይሄዳል።

ሹፌሩ ይህን ሕግ ወዶት ነበር። የወደደውም በምክንያት ነው። መቅረት አስቧል።

ጠዋት ጠዋት ልጁ መኝታ ቤቷ ውስጥ ሆና አለቃዋን በስልክ ስትለማመጥ ይሰማታል። «ዛሬም ትንሽ አረፍዳለሁ፣ አባቴን አድርሼ ነው የምገባው፣ ይቅርታ» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። በዚህ ጊዜ እሱ ጫማውን እያሰረ ነው። የከተማውን ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረ ሰው እንደ ዕቃ የሚወሰድ የሚመለስ ሆኖ ቀረ። በቃኝ አለ በሆዱ። አንድ ቀን ዝም ብዬ እቀራለሁ፣ ማንም አይጠይቅም፣ እሷም ታርፋለች። መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮታል። ውሃው ሳንባ ላይ ይወጣል፣ ልብ ይደክማል፣ ብዙ ቀን አይፈጅም። ይህን ሁሉ አውቆ ነው የወሰነው፤ ቀኑን ብቻ አልቆረጠም ነበር።

በዚህ መሀል ነው የልጁ ባል መጽሐፉን ያመጣለት። የልጁ ባል ደግ ሰው ነው፣ መጽሐፍ ግን አንብቦ አያውቅም። ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ በሽፋኑ መርጦ ገዛው። ሽፋኑ ላይ አንድ ጥቁር ቤት አለ፣ ከመስኮቶቹ አንዱ ቀይ ነው። «አባባ፣ ጊዜዎን ያሳልፉበታል፣ በጣም ያስፈራል አሉ» አለው። ሹፌሩ አመስግኖ ተቀበለ። ማስፈራቱን በተመለከተ በሳምንት ሦስት ቀን መርፌ የሚተከልበትን ሰው ባለ ቀይ መስኮት ቤት ምን ያደርገዋል ብሎ በልቡ ሳቀ።

የክፍሉ ቴሌቪዥን የተበላሸ ቀን መጽሐፉን ገለጠው። መርፌዎቹ በቀኝ ክንዱ ነበሩ፤ በግራ እጁ ይዞ አነበበና የገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ችግር መጣ። በአንድ እጅ ተይዞ በዚያው እጅ ገጽ አይገለጥም። በአገጩ ሞከረ። መነጽሩ ጭኑ ላይ ወደቀ። እንደገና ሲሞክር መጽሐፉ ራሱ ተዘጋ። ሊወረውረው ሲል ከአጠገቡ ወንበር አንድ እጅ መጥቶ ገጹን ገለጠለት።

ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ጎን ለጎን መተኛት ከጀመሩ ወራት አልፈዋል፣ ከ«እንደምን አደሩ» በላይ ግን ተባብለው አያውቁም። የእሷ መርፌዎች በግራ ክንዷ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያሉት ሁለት እጆች፣ የእሱ ግራና የእሷ ቀኝ፣ ነፃ ነበሩ። እሱ ይይዛል፣ እሷ ትገልጣለች። ጥቂት ገጾች እንደሄዱ ግን ልብስ ሰፊዋ ትዕግሥቷ አለቀ።

«የማላውቀውን ነገር ስገላብጥ ልውል ነው እንዴ? ድምፅ አውጥተው ያንብቡታ!» አለችው።

ስኳር ዓይኗን ስላደከመው ደቃቅ ፊደል አይታያትም፤ ልብስ የምትሰፋውም በእጇ ልማድ ነው። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያው ተሳፋሪን «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲልበት የኖረው ድምፅ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሰማ፣ ወደደም ጠላም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች በዝናብ ምክንያት አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ይጠለላሉ። ሲገቡ በሩ በራሱ ጊዜ ይቆለፋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአሮጊት ሥዕል አለ፣ ዓይኖቹ ይንቀሳቀሳሉ። ከምድር ቤቱ ድምፅ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ከእንግዶቹ ሌላ አንዲት ምግብ አብሳይ ትኖራለች። እዚህ ድረስ ደህና ነበር ማለት ይቻላል። እንዲያውም ሹፌሩ «የአሮጊቷ ዓይኖች ቀስ ብለው ዞሩና...» ብሎ ሲያነብ የጠበቃው ማሽን ድንገት ጮኸ፤ ጠበቃው «እናቴ ድረሽ!» ብሎ ከነቱቦው ሊነሳ ሲል ነርሷ ሮጣ ያዘችው። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ሰው ያስደነገጠው ያቺን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሷንም በማሽን ብድር።

ጠበቃው ከትይዩ የሚተኛ፣ ጎልማሳ፣ ክርክር እንደ ውሃ የሚጠማው ሰው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚውለው። ከዚያ ቀን በኋላ ማዳመጫውን ይዞ መምጣቱን ተወ።

ነገሩ የተበላሸው ምግብ አብሳይዋ ምድር ቤት ስትወርድ ነው። «ሽንኩርት ላምጣ» ብላ ሻማ ይዛ ወረደች። አልተመለሰችም። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን እንግዶቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እራት ይበላሉ።

«ቆይ ቆይ ጋሼ» አለ ጠበቃው። «እራቱን ማን ሠራው?»

ሹፌሩ ወደ ኋላ ተመልሶ አየ። «አይልም።»

«እንዴት አይልም? ሴትዮዋ ምድር ቤት ናት!»

በማግሥቱም እንግዶቹ ቁርስ በሉ። ምሳም በሉ። አንዱ እንዲያውም ሾርባው ጨው እንደበዛበት ተናገረ። ጠበቃው በአንድ ነፃ እጁ የወንበሩን ክንድ እየደበደበ ሴትዮዋ ራሷ ገዳይ ናት ብሎ ተከራከረ፤ ተደብቃ እያበሰለች አንድ በአንድ ልትጨርሳቸው ነው። ነርሷ የደም ግፊት እየለካች፣ ያለቀላት ናት እሷ ስትል ፈረደች። ልብስ ሰፊዋ ግን በምድር ቤቱ የኋላ በር ወጥታ ልጆቿ ጋ ሄዳለች፤ ከሁሉም ብልጧ እሷ ናት አለች።

«ደክሟት ሄዳ ይሆናላ» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሳ። «ደግሞስ ማን ይፈልጋታል?»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አዙራ ረዘም አድርጋ አየችው። ከዚያ ገጹን ገለጠችለት።

እንግዲህ እንደዚህ ነው ያ ዝምተኛ ክፍል ገበያ የሆነው። ሚዛን ላይ ቆመው ክብደታቸው ሳይነበብ «ዛሬ ትገኝ ይሆን?» ይባባላሉ። ጠበቃው አርፍዶ መምጣት ተወ። አንዱ የደም ግፊቱ ወርዶ አንቀላፍቶ ሲነቃ ያመለጠውን ይነግሩታል። ደራሲውን የማያማ አልነበረም። መኪናቸው ከነቁልፉ በር ላይ ቆሞ መስኮቱን ሰብረው የማይወጡት ለምንድን ነው ብሎ ሹፌሩ በሙያው ተበሳጨ፤ ቀይ የተባለው ቀሚስ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ነጭ ሲሆን ልብስ ሰፊዋ በሙያዋ ተበሳጨች። እንዲህ እየተበሳጩ ደሙ ገብቶ ይወጣል፣ ማሽኑ ሳይታወቅ ሥራውን ይጨርሳል።

ሹፌሩስ ውሳኔውን ረሳው? አልረሳውም። መጽሐፉ ይለቅና ብሎ ነው ያዘገየው። የጀመሩትን መጨረስ ያባት ነው፣ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አይጣልም። ሲያልቅ እቀራለሁ አለ። እውነቱን ለመናገር ግን አንዳንድ ቀን ያነበበውን ገጽ መልሶ ያነብ ነበር፣ ማንም ያላወቀበት መስሎት።

አለቀም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከእንግዶቹ አንዱ አልጋው ላይ ከእንቅልፉ ነቃ። ለካ ሁሉም ሕልም ነበር።

ክፍሉ ፈነዳ። «ይህ ሰው ይከሰስ! እኔ በነፃ እቆማለሁ!» አለ ጠበቃው። ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወንበሩን ሁሉ ሳቅ ናጠው። ያልሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት።

«እሷስ?» አለች።

«ሕልም ነዋ፣ እትዬ» አለ ጠበቃው።

«ሕልምም ቢሆን። ያን ሁሉ ቀን ሲበሉ ሲጠጡ፣ አንድ ሰው እንኳን ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ አልተጣራም? ‹አንቺዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?› የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ሳቁ ተቋረጠ። ማንም የማንንም ዓይን ለማየት አልደፈረም። ነርሷ መድኃኒት የምታመጣ መስላ ወጣች። ሁሉም በልቡ ሰው የቀረባቸውን ወንበሮች ይቆጥር እንደነበር ሹፌሩ አውቋል፣ እሱም ይቆጥር ነበርና።

በሚቀጥለው የእጥበት ቀን ልጁ እንደ ወትሮው በር ላይ አወረደችው። መኪናዋ መታጠፊያውን እስክትዞር እጁን እያውለበለበ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ለዘበኛው «አንድ ነገር ረስቼ ነው» ብሎ ተመልሶ ወጣና በእግሩ ቀስ እያለ አውቶቡስ ተራ ሄደ። የድሮ መስመሩ መነሻ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ገዛ። ያን ያህል ውሃ ባንድ ጊዜ ከጠጣ ዘመን አልፎታል። ጠርሙሱን አንጋጦ ጉሮሮው እስኪያመው፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ጠጣ። እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለውም። የመጨረሻዋን ጠብታ ሲጨርስ ግን ያሰበው ዕረፍት አልመጣለትም። አውቶቡሶቹ ሞልተው ሲወጡ፣ ሞልተው ሲገቡ ያያል። የሚያውቀው አንድም ፊት የለም።

ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት።

«አባባ፣ የት ደረሱ?»

«ዛሬ አልመጣም ሲስተር። ትንሽ አሞኛል።»

«ታመው ነው እንዴ የሚቀሩት? ለዚያ እኮ ነው የሚመጡት!» አለች። «ቆይ፣ አንድ ሰው እምቢ ብላኛለች፣ ያነጋግሯት።»

ስልኩ ተንኳኳ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ መጣ።

«የት ነህ አንተ?»

እስከዚያች ቀን ድረስ «አንተ» ብላው አታውቅም።

«አረፍ ብያለሁ» አለ ሹፌሩ።

«እኔ መርፌ አልተወጋሁም።»

«ለምን?»

«አንተ ካልመጣህ አልወጋም ብያለኋ። ማሽኑ ተሰናድቶ ቆሟል፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ልጅህ በር ላይ ስታወርድህ ጠበቃው አይቷል። ተመልሰህ የወጣኸው አሞህ አይደለም።»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ባለፈው ጊዜ እንኳን ትንፋሽ ሲያጥርሽ ነበር። እባክሽ ተወጊ!»

«እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ ብሏል። እና?» ድምጿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ማን ይፈልጋታል ብለህ ነበር። ይኸው እኔ እየፈለግሁ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ እየተጣራሁ ነው። ትሰማኛለህ ወይስ አትሰማኝም?»

ሹፌሩ ከአግዳሚው ወንበር ተነሳ። ዕድሜ ልኩን «ወራጅ አለ» ሲባል ፍሬን የያዘ ሰው፣ ለእኔም ሰው ፍሬን ይይዝልኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

«መጣሁ» አለ። «ተወጊ፣ እየመጣሁ ነው።»

«ስትገባ አይሃለሁ፣ ያኔ እወጋለሁ» ብላ ስልኩን ለነርሷ መለሰች።

ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው አውቶቡስ ሊወጣ ሲል ደርሶ ተንጠላጠለ። መሪውን ከያዘው ወጣት ኋላ ቆሞ መንገዱን ሙሉ ሲነዘንዝ ሄደ። «በግራ በኩል ውጣበት እንጂ ልጄ! ይህን ያህል ክፍተት ይዘህ ማንን ነው የምትጠብቀው? እዚያ ሰው እየሞተብኝ ነው!» ወጣቱ ሹፌር በመስታወት አየውና ነዳው። ሲደርሱ ተሳፋሪው ዞር ዞር እያለ መንገድ ለቀቀለት።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አገኛት። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ አየር የምትስበው በአፏ ነው። ሹፌሩ ያን ሲያይ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ መጠጣቱ አሳፈረው። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችውና ምንም ሳትል ክንዷን ለነርሷ ዘረጋች። ነርሷ መርፌውን ስታስገባ እጇ በጣም ይፈጥን ነበር። ጠበቃው ያልቆሸሸ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል።

ሹፌሩ ሚዛን ላይ ወጣ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ምን ጠጥተው ነው?»

«ውሃ።»

«ከነወንዙ?»

ከዚያ እሱም ተዘረጋ፣ ተወጋ። ማሽኖቹ ጎን ለጎን መዞር ጀመሩ። ብዙ ቆይቶ የልብስ ሰፊዋ ትንፋሽ ረጋ፣ ፊቷም ወደ ቦታው ተመለሰ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን ነፃ እጇን ያዘ። ገጽ የምትገልጥበት እጅ ነው፤ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ ሸካራ ናቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» አላት። «ከሞት ነው የመለስሽኝ።»

«ዝም በል፣ ደክሞኛል» አለችና እጇን ሳታስለቅቅ ዓይኗን ጨፈነች።

ሹፌሩ ጣሪያውን እያየ አመሰገነ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ጠበቃውን፣ ነርሷን፣ በሽፋን መርጦ መጽሐፍ የሚገዛውን ደግ ሰው። ከዚያ ደግሞ ያንን ደራሲ፣ የትም ይሁን የት። ሰውየው ምግብ አብሳይዋን ባይረሳት ኖሮ፣ በሥርዓት ገድሎ ቢቀብራት ኖሮ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ስለማን ይጠይቅ ነበር? እንደዚያ ያለ መጥፎ መጽሐፍ የሚጽፍን ሰው እግዜር ዕድሜ ይስጠው፣ ጤና ይስጠው፣ ግን ሁለተኛ አይጻፍ።

አንድ የቀረው ነገር ነበር፣ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው። ከደረት ኪሱ ስልኩን በግራ እጁ አወጣና ልጁ ጋ ደወለ።

«ልጄ፣ ዛሬ ልቀር ነበር።»

«የት ነው የምትቀረው አባዬ?»

«ከዚህ። ካንቺ ከተለየሁ በኋላ ተመልሼ ወጥቼ ነበር። ሁለተኛ ላልመለስ ነው የወጣሁት። እንዲቀልልሽ ብዬ።»

ልጁ ዝም አለች። ስታለቅስ ድምፅ እንደማታሰማ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ጠበቃት።

«ማን ከብዶኛል አለህ?» አለች በመጨረሻ፣ በንዴት።

«አለቃሽን ስትለማመጪ እሰማለሁ።»

«አለቃዬን የምለማመጠው ታክሲ አጥቼልህ መሰለህ? ቀኔን ካንተ ጋር ልጀምር ብዬ ነው! መኪና ውስጥ እኮ ነው የምናወራው፣ ሌላ መቼ አገኝሃለሁ?» አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። «ሁለተኛ እንዲህ ብታደርገኝ አባቴ አይደለህም። አሁን የት ነህ? ተወግተሃል?»

«ተወግቻለሁ፣ ደሜ እየታጠበ ነው።»

«ማን ነው የመለሰህ?»

ሹፌሩ ወደ አጠገቡ ዞሮ አየ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል። ስልኩን ለማንሳት እጇን ሲለቃት መልሳ ክንዱን ይዛለች፤ አሁንም አልለቀቀችውም።

«እህቴ ናት» አለ።

«አባዬ፣ አንተ እህት የለህም እኮ።»

«አለችኝ። ስትመጪ አስተዋውቅሻለሁ» አላትና እንዳይቀሰቅሳት ድምፁን ዝቅ አደረገ።